የኢትዮጵያ ራዲዮ አንድ ቀን



የዚህ መጽሔት አዘጋጆች «አንተ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ጀምረህ አልነበር? አንድ ነገር ጻፍልን» ባሉኝ ጊዜ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር ሜዳ መጻፍ አላሰኘኝም። ስለ እነሱ ከኔ የተሻሉ ሰዎች ብዙ ጽፈዋል። እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ። በቀን 10 እና 12 ሰዓት መሪ ይዤ ስውል የማይለየኝ ባልንጀራዬ ራዲዮ ነው። ስለዚህ ሁላችንም የምናውቀውን፣ ነገር ግን እንደ ታሪክ ቆጥረን የማንነጋገርበትን ነገር መረጥሁ። እሱም የኢትዮጵያ ራዲዮ ነው። በተለይም ከ1930ዎቹ እስከ 1960ዎቹ ባለው ጊዜ አንዱ የሀገር ራዲዮ ከጠዋት እስከ ማታ ለማን ምን ያሰማ እንደነበር፣ ያም ድምፅ ምን እንዳደረገልንና ምን እንዳደረገብን ባጭሩ አቀርባለሁ። እ.ኤ.አ. ያልተባለበት ዓመተ ምሕረት ሁሉ በሀገራችን አቆጣጠር ነው።

ከነጋሪት ወደ ማይክሮፎን

እንደሚታወቀው በድሮ ዘመን የመንግሥት ቃል ለሕዝብ የሚደርሰው በአዋጅ ነጋሪ አፍ ነበር። ነጋሪት ይጎሰማል፣ ሰው ከገበያው ይሰበሰባል፣ «ስማ! ያልሰማህ ስማ!» ይባላል። የሰማው ላልሰማው ያወራል። አዋጁ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጠረፍ እስኪደርስ ሳምንታት ያልፉ ነበር። በየአፉ ሲያልፍም ይጨመርበታል፣ ይቀነስለታል።

የኢትዮጵያ ራዲዮ የልደት ቀን ተብሎ የሚጠቀሰው መስከረም 2 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ቦታው አቃቂ ነበር። የጣቢያውን ሥራ የወሰደው አንሳልዶ የተባለ የኢጣሊያ ኩባንያ መሆኑ የታሪክ ምፀት ነው። የሙሶሊኒ ጦር ድንበር ላይ ሲከማች፣ የኢጣሊያ ኩባንያ በተከለው መሣሪያ ኢትዮጵያ ለዓለም አቤት አለች። በዚያው ሰሞን ንጉሠ ነገሥቱ ለውጭው ዓለም ንግግር አደረጉ። እቴጌ መነንም ለዓለም ሴቶች በአማርኛ ተናገሩ፣ ልጃቸው ልዕልት ፀሐይ ደግሞ በእንግሊዝኛ አሰሙት። የሀገሬው ሕዝብ ግን የክተቱን አዋጅ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የሰማው እንደ አባቶቹ በነጋሪት ነው። በዚያ አንድ ወር ውስጥ ሁለቱም ዘመናት ጎን ለጎን ነበሩ ማለት ነው። ራዲዮው ለውጭ ሰው፣ ነጋሪቱ ለሀገር ሰው።

ጠላት አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት የአቃቂው ጣቢያ እንዳያገለግለው ተደርጎ ተሰናከለ። ኢጣሊያኖች በበኩላቸው የራሳቸውን አቋቁመው የራሳቸውን ወሬ ነዙበት። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነፃነት ከተመለሰ በኋላ ሥርጭቱ እንደገና በአማርኛ፣ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ተጀመረ። መጀመሪያ በቀን አራት ሰዓት ያህል ብቻ ነበር። ራዲዮ በቤቱ ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ስለነበረ በአዲስ አበባ አደባባዮች ድምፅ ማጉያ ተሰቀለ። ሕዝቡም ቆሞ ያዳምጥ ጀመር። ስናስበው ይህ የድሮው የአዋጅ መስሚያ ገበያ ነው። የተለወጠው ነጋሪው ብቻ ነው፤ ሰው መሆኑ ቀርቶ ሽቦ ሆነ።

የእንግሊዞቹ ሦስት፣ የኛ አንድ

የኛን ራዲዮ ለመረዳት በዚያው ዘመን ሌላው ሀገር እንዴት ያደርግ እንደነበር ማየት ይጠቅማል። የእንግሊዙ ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1922 ተመሠረተ። የመጀመሪያው ሥራ አስኪያጅ ጆን ሪዝ ሥራውን በሦስት ቃል ይገልጹት ነበር፦ ማሳወቅ፣ ማስተማር፣ ማዝናናት። እነዚህ ሦስት ቃላት በኛም ሀገር በጋዜጠኞች አፍ የተለመዱ ናቸው፣ አመጣጣቸው ግን ከዚያ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዞች ለአድማጮቻቸው ሦስት ጣቢያ አቀረቡ። የሀገር ቤት አገልግሎት የሚሉት ለዜናና ለቁም ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1945 የተከፈተው ቀላል ፕሮግራም ለሙዚቃና ለጨዋታ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1946 የተከፈተው ሦስተኛ ፕሮግራም ደግሞ ለሊቃውንት፣ ለከባድ ሙዚቃና ለቲያትር ነበር። ቀኑም የተከፋፈለ ነበር። ጠዋት ለቤት እመቤቶች የዘፈን ምርጫ ይቀርባል፣ በፋብሪካ ላለው ሠራተኛ ሥራ ከሙዚቃ ጋር የሚል ፕሮግራም አለ፣ ከሰዓት በኋላ የሴቶች ሰዓት፣ ለሕፃናት ከእናት ጋር የሚሰማ ተረት፣ ለመርከበኛ የባሕር አየር ሁኔታ። እ.ኤ.አ. በ1951 በመላው ሀገር መሰማት የጀመረው «ዘ አርቸርስ» የተባለው ተከታታይ ድራማ ደግሞ የአንድ ገበሬ ቤተሰብ ታሪክ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ምግብ እጥረት ስለነበረ ገበሬው እየተዝናና አዲስ የእርሻ ዘዴ እንዲማር በግብርና ሚኒስቴር ምክር የተዘጋጀ ነበር። እስከ ዛሬም አልተቋረጠም።

እንግሊዞች አድማጩን በየጣቢያው ሲለያዩት፣ የኛ ሀገር አቅም ሦስት ጣቢያ አይፈቅድም ነበር። ያለው አንድ ነው። አንዱ ራዲዮ ቀኑን እንደ እንጀራ ቆርሶ ለሁሉም ማዳረስ ነበረበት። ለከተሜው፣ ለባላገሩ፣ ለወታደሩ፣ ለተማሪው፣ ለአረቡ ነጋዴ፣ ለውጭ ሀገር ዲፕሎማት፣ ለሁሉም ከአንዱ ሞሰብ። የራዲዮው መልካምነትም፣ በኋላ ያመጣው ጣጣም ከዚህ «አንድነቱ» የመጣ ይመስለኛል።

ከጠዋት እስከ ማታ

ከማኅበራችን አባቶችና እናቶች ጋር ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ ሁሉም የሚጀምሩት ከሰዓቱ ነው። ጣቢያው እንደ ዛሬው ሌት ተቀን አይለፈልፍም ነበር። ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሲከፈትም ሲዘጋም የሕዝብ መዝሙር ይሰማል። በመካከሉ ዝም ይላል። ሰውም ወደ ሥራው ይሄዳል። ዜና በሰዓቱ ነው፦ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 7 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት። የእጅ ሰዓት ያለው ሰው ከዜናው በፊት ሰዓቱን ያስተካክላል። በለንደን እ.ኤ.አ. ከ1924 ጀምሮ የግሪንዊች የሰዓት ምልክት ለእንግሊዞች ያደረገውን ነገር፣ የራዲዮአችን ተናጋሪ በራሳችን አቆጣጠር «ከጠዋቱ አንድ ሰዓት» እያለ ለኛ ያደርግልን ነበር። ደብረ ማርቆስ ያለው ሰውና ጎባ ያለው ሰው በአንድ ደቂቃ «አንድ ሰዓት ሆነ» ሲሉ ይህ በታሪካችን አዲስ ነገር ነው።

ጠዋት ዜናና ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያው ዛሬ ከምናውቀው የሳሙናና የቢራ ማስታወቂያ ይለያል። ጨረታ ይነገራል፣ ሹመት ይነገራል፣ የጠፋ ሰው ይፈለጋል። ዘመድ ከዘመድ የሚፈላለገው በራዲዮ ነበር። ከ1950ዎቹ ወዲህ ደግሞ የብሔራዊ ሎተሪ ዕጣ ቁጥር አለ። እርሳስና ወረቀት ይዞ የማይቀመጥ አልነበረም።

ቀን ላይ ሙዚቃ ነው። በዚያን ጊዜ የሸክላ ዘፈን መግዣ ያለው ሰው ጥቂት ነው። የሸክላ ማስመጣትና ማሳተም ፈቃድም ለብዙ ዓመታት በሀገር ፍቅር ማኅበር እጅ ተይዞ ነበር። ስለዚህ አብዛኛው ሕዝብ የክብር ዘበኛን፣ የጦር ሠራዊትን፣ የፖሊስንና የሀገር ፍቅርን ኦርኬስትራ ያወቀው በራዲዮ ነው። ጥላሁን ገሠሠን፣ ብዙነሽ በቀለን፣ ካሳ ተሰማን ከነክራሩ፣ አስናቀች ወርቁን ፊታቸውን ሳያይ ድምፃቸውን ለየ። ጎንደር ላይ የተወለደ ልጅ የጅማን ዜማ፣ ሐረር ላይ የተወለደ የወሎን ቅኝት የሰማው በዚያች ሳጥን ነው። የዘፈን ምርጫ ሲመጣ ደግሞ ደብዳቤ ይነበባል። ከዚህ ክፍለ ጦር እገሌ፣ ለእናቱ ለወይዘሮ እገሊት። እናቲቱ የቆመችበት ትቀራለች። ልጇ በሕይወት አለ።

ከዚያ የውጭ ቋንቋዎች ሰዓት ይገባል። በዐረብኛው ሰዓት የመርካቶ ነጋዴ ያዳምጣል፣ ባሕር ማዶም ይሰማል። በእንግሊዝኛው ሰዓት ተማሪው አነጋገር ሊለማመድ ጆሮውን ይሰጣል። እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። «የሀገር ራዲዮ» ይባል እንጂ የሀገሪቱን ልጆች ቋንቋ ሁሉ አልያዘም ነበር። ዐረብኛና እንግሊዝኛ ከመጀመሪያው ቦታ ሲያገኙ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የሚናገረው ኦሮምኛ ከአዲስ አበባው ጣቢያ መደበኛ ቦታ ያገኘው ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ነው። ከአንዱ ሞሰብ ሁሉም ይብላ ሲባል እጁ ያልደረሰ ብዙ ሰው ነበረ።

ማታ ዋናው ሰዓት ነው። ዜና፣ ሐተታ፣ ለገበሬ ምክር፣ ስለ ጤና ትምህርት፣ በበዓል ሰሞን የቤተ ክርስቲያን ዜማ። አልፎ አልፎም ሀገር ሁሉ ጆሮውን የሚያቀናበት ቀን አለ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸነፈ። ማግሥቱ ዕንቁጣጣሽ ነበርና ሕዝቡ አዲስ ዓመትን ከዚያ ዜና ጋር ተቀበለ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ፣ ስታዲየም ቦታ ያላገኘው ሁሉ ራዲዮ ባለበት ቡና ቤት ደጅ ተኮልኩሎ ነበር።

ራዲዮው ወደ ገጠር የዘለቀው ትራንዚስተር ሲመጣ ነው። የድሮው ትልቁ የፊሊፕስ ራዲዮ መብራት ይፈልጋል። ትራንዚስተሩ ግን በባትሪ ድንጋይ ይሠራል፣ በትከሻ ይንጠለጠላል። እኔ ባደግሁበት በጎጃም ድንጋዩ ሲደክም አይጣልም፤ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ያንን ትንሽ ነፍስ ለማታው ዜና መቆጠብ የቤቱ አባወራ ሥልጣን ነበር። በቀን ዘፈን የከፈተ ልጅ ይቆነጠጣል። አንድ ራዲዮ ለአንድ ቤት ብቻ አይደለም፤ ጎረቤት ሁሉ በርጩማውን ይዞ ይመጣል። ዜናው ሲያልቅ ራዲዮው ይዘጋል፣ ክርክሩ ይቀጥላል። ከራዲዮው ይልቅ ትምህርት ቤት የነበረው ያ ክርክር ነው እላለሁ።

ማይክሮፎኑን የያዘ

አሁን ወደ ሌላው ገጹ እንምጣ። ሀገር ሁሉ አንድ ጆሮ ከሆነ፣ ያንን ጆሮ የሚፈልግ ይበዛል።

ታኅሣሥ 5 ቀን 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሳሉ ሕዝቡ ራዲዮኑን ሲከፍት የሰማው የአልጋ ወራሹን ድምፅ ነበር። አዲስ መንግሥት መመሥረቱን አስታወቁ። የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ ሙከራ ሲያደርጉ ቀድመው ካሰቡባቸው ነገሮች አንዱ ራዲዮው ነበር። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎችም ደግፈው ሰልፍ ወጡ። ራዲዮ ያልነበረው የመንግሥት ወገን ደግሞ የአቡነ ባስልዮስን ቃል በበራሪ ወረቀት በተነ። ጥቂት ቀን ሳይሞላ ድምፁ ተመልሶ የንጉሡ ሆነ። የክብር ዘበኛው ዘፋኝ ጥላሁን ገሠሠ ሳይቀር በዚያ ምክንያት ታሰረ።

በ1966 ዓ.ም. የካቲት ወር አሥመራ ያለው ሁለተኛ ክፍለ ጦር ሲያምፅ በመጀመሪያ ከያዛቸው ቦታዎች አንዱ የአሥመራ ራዲዮ ጣቢያ ነው። አቤቱታውን በሞገድ ላይ አውጥቶ ለሌሎች ክፍለ ጦሮች አሰማ። በሰኔ ወር ደርግ ሲቋቋም የአዲስ አበባውን ጣቢያ ያዘ። ከዚያ ወዲያ ባለሥልጣናት እጃቸውን እንዲሰጡ ስማቸው በራዲዮ ይነበብ ጀመር። በራዲዮ የተሾመ ሰው በራዲዮ ተጠራ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. የንጉሡ ከዙፋን መውረድ ታወጀ። ቀኑን ልብ በሉ፤ የአቃቂው ራዲዮ በተከፈተበት በዚያው ዕለት፣ 39 ዓመት ሲሞላው ነው። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ደግሞ ራዲዮ የከፈተ ሰው ሌሊቱን የተገደሉትን የ60ዎቹን ሰዎች ስም ሰማ። ከሟቾቹ መካከል የብዙዎቻችን አባቶች የሚያውቋቸው ሰዎች ነበሩ። በኛ ባህል መርዶ የሚነገረው በዘመድ አፍ፣ በማለዳ፣ ደጅ ተቁሞ ነው። በዚያች እሑድ ግን ሀገር በሞላ ከሳጥን ውስጥ መርዶ ተረዳ።

ከዚያ በኋላ ሰው ሌላ ዓይነት አደማመጥ ተማረ። ሙዚቃው ሳይነገር ከተለወጠ፣ ማርሽ ከተደጋገመ፣ ዜናው ከሰዓቱ ከዘገየ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ቃሉን ብቻ ሳይሆን ዝምታውንም ማዳመጥ ሆነ። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. የመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከሀገር መውጣት በዚያው ራዲዮ ተነገረ። ግንቦት 20 ደግሞ ማይክሮፎኑ እንደገና ባለቤት ለወጠ። እኔ ያኔ ልጅ ነበርሁ፤ የማስታውሰው የአባቴ ትከሻ ወደ ራዲዮው ጎንበስ ማለቱን ነው።

የሌሊቱ ራዲዮ

የሀገር ቤቱ ድምፅ አንድ ብቻ ሲሆን ሰው ሌላ ድምፅ ፍለጋ በአጭር ሞገድ ይባዝናል። የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ከአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ። ስሙ የወንጌል ይሁን እንጂ ዜናውና የትምህርት ፕሮግራሙ ብዙ አድማጭ ነበረው። ከአፍሪካ አልፎ እስከ እስያ በብዙ ቋንቋ ይሰማ ነበር። መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰውና የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ አለው።

የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ሥርጭቱን መጋቢት 6 ቀን 1957 ዓ.ም. ከኮሎኝ ጀመረ። የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1982 ከዋሽንግተን ተከተለ። በየበረሃው ያሉ ድርጅቶችም የየራሳቸውን ጣቢያ አቆሙ። በደርግ ዘመን እነዚህን ማዳመጥ የድፍረት ሥራ ነበር። በር ይዘጋል፣ ድምፁ ይቀነሳል፣ ራዲዮው ጋቢ ውስጥ ይገባል። ማታ 2 ሰዓት ላይ ጮክ ብሎ የተሰማው የመንግሥት ዜና ሌሊት በሹክሹክታ ይመዘናል። ሰው ሁለቱን አስተያይቶ የራሱን ሚዛን ይይዝ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ መምህር ያልተናነሰ የምንጭ ምርመራ የሚያውቁ ያልተማሩ ገበሬዎች አውቃለሁ። «ይሄን ያለው ማነው? ለምን አለው? ሌላው ምን አለ?» ብለው ይጠይቃሉ።

በዚያው በጨለማ ዘመን ግን ራዲዮው መልካም ነገርም አላጣም። በ«ከመጻሕፍት ዓለም» ፕሮግራም ወጋየሁ ንጋቱ የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲተርክ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሁሉ የልብ ወለድ አንባቢ ሆነ። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የታተመ ቢሆንም ብዙ ሰው በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ያወቀው በወጋየሁ ድምፅ ነው። ወጋየሁ ካረፈ በኋላም ትረካው በተደጋጋሚ ተሰምቷል። አንዲት የማኅበራችን እናት እንደነገሩኝ፣ ትረካው ሲጀመር እናታቸው ቡና መውቀጡን ያስቆሙ ነበር፤ የሙቀጫው ድምፅ ቃል እንዳያስመልጣቸው። የፖለቲካ ድምፅ ሀገሩን በፍርሃት አንድ ሲያደርገው፣ ያ ትረካ ደግሞ በእንባ አንድ አደረገው።

ቢከን ሂል ላይ

ይህን ሁሉ ለምን አነሣሁት? እኛ ያለንበት ሰፈር የብዙ ሕዝብ ሰፈር ነው። ከቢከን ሂል ባቡር ጣቢያ እስከ ጄፈርሰን ፓርክ ባለው መንገድ ብቻ ቬትናምኛ፣ ቻይንኛ፣ ታጋሎግ፣ ስፓኒሽ፣ ሶማልኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛና አማርኛ ይሰማል። በየመኪናውና በየቤቱም ሰው የፈለገውን ያዳምጣል። እኔም ከኤርፖርት መንገደኛ ይዤ ስመለስ ኬ ዩ ኦ ደብሊው ላይ የዓለምን ዜና እሰማለሁ፤ ሲበቃኝ በስልኬ ሸገርን እከፍታለሁ። ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 በ2000 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት፣ ያ አንድ ማይክሮፎን ብቻ የነበረበት ዘመን ማብቃቱን ያየንበት ነው። ከሲያትል ሆኖ በዚያው ደቂቃ አዲስ አበባን መስማት አባቶቻችን በሕልማቸውም ያላዩት ነገር ነው። ማንም ሰው «ስማ» ብሎ ነጋሪት የማይጎስምብን፣ በጋቢ ውስጥ የማንደበቅበት ዘመን ላይ ደርሰናል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሊናቅ አይገባውም።

ይሁን እንጂ የቀረብንም ነገር አለ። በታክሲ ሥራ ከኔ የቀደሙ ወንድሞች እንደሚያወሩት፣ ድሮ የጥሪው ሠራተኛ በመገናኛ ራዲዮ ሲጠራ ሁሉም ሾፌር በአንድ ጊዜ ይሰማ ነበር። ማን የት እንዳለ፣ ማን መኪናው እንደተበላሸበት፣ ማን ችግር እንደገጠመው ሁሉም ያውቃል። ዛሬ ጥሪው በየግል ስክሪናችን ይመጣል። ፈጣን ነው፣ ጭቅጭቅ የለበትም። ግን የጎረቤቴ ሾፌር ምን እንደሆነ የምሰማው ከሳምንት በኋላ ነው።

በቤታችንም እንደዚያው ሆኗል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሀገራችን በነበረው ጦርነት ጊዜ በአንድ ሕንፃ የሚኖሩ፣ በአንድ ዕድር የሚረዳዱ ሰዎች የየራሳቸውን ስልክ የየራሳቸው ጆሮ ላይ ሰክተው፣ ስለ አንድ ቀን የተለያየ ዜና ይሰሙ ነበር። አንዱ የሰማውን ሌላው አልሰማም። ቡና ሲጠጡ የሚከራከሩበት የጋራ ነገር ስላልነበራቸው ክርክሩ ራሱ ቀረ፤ በምትኩ መኳረፍ መጣ። የአባቶቻችን ራዲዮ ብዙ ጊዜ ዋሽቶባቸዋል። ነገር ግን አብረው ስለሰሙት ውሸቱን አብረው መረመሩት። እኛ ለእውነትም ለውሸትም ብቻችንን ነን። በኔ አስተያየት ያጣነው ያንን አንድ ጣቢያ አይደለም፤ እሱስ እንኳን ሄደ። ያጣነው ዜናው ካለቀ በኋላ ራዲዮው ተዘግቶ የሚቀጥለውን የበርጩማውን ጉባኤ ነው።

ማኅበራችን ባለፉት 10 ዓመታት ለቅሶ አብሮ ደርሷል፣ ሠርግ አብሮ ደግሷል፣ ልጆቻችንን ፊደል አስቆጥሯል። በሁለተኛው 10 ዓመት ሁለት ትንንሽ ነገሮች ቢጨመሩ የሚል ሐሳብ አለኝ።

አንደኛው፣ በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአዳራሻችን ቡና ተፈልቶ አንድ የተመረጠ ፕሮግራም አብረን ብናዳምጥ። ትረካ ይሁን፣ ሙዚቃ ይሁን፣ የታሪክ ጨዋታ ይሁን። ከዚያ ማጫወቻው ይዘጋና እንከራከር። ልጆቻችንም አዋቂ ሰው ሳይኳረፍ እንዴት እንደሚከራከር ይዩ።

ሁለተኛው የሚቸኩል ነው። መዓዛ ብሩ በሸገር «የጨዋታ እንግዳ» ላይ ሰዎችን ተረጋግታ እንደምታናግር፣ እኛም የራሳችንን አባቶችና እናቶች ድምፅ እንቅዳ። በአደባባይ ቆመው ከድምፅ ማጉያ የሰሙ፣ በታኅሣሡ ግርግር ተማሪ የነበሩ፣ የኅዳሩን እሑድ ጠዋት የሚያስታውሱ፣ በዘፈን ምርጫ ለእናታቸው ሰላምታ የላኩ ሰዎች በመካከላችን አሉ። ከነሱም በዚህ 10 ዓመት ውስጥ የቀበርናቸው አሉ፣ ድምፃቸውም አብሮ ሄዷል። ለዚህ ሥራ ስቱዲዮ አያስፈልገንም። በየኪሳችን ያለው ስልክ ከአቃቂው ጣቢያ የተሻለ መቅጃ ነው። የሚያስፈልገው አንድ ልጅ፣ አንድ ጥያቄና አንድ ሰዓት ትዕግሥት ብቻ ነው። ጥያቄውም ቀላል ነው፦ «እማማ፣ ራዲዮ መጀመሪያ የሰሙት የት ሆነው ነው? አጠገብዎስ ማን ነበር?»

ፈቃደኛ የሆናችሁ ወጣቶች በበዓሉ ዕለት ስማችሁን ለጸሐፊያችን ስጡ። እኔም ከሥራ በወጣሁበት ሰዓት ሽማግሌዎቹን ከቤታቸው አምጥቶ መመለሱን በነፃ እችላለሁ።

መልካም በዓል፤ ለ20ኛውም በሰላም ያድርሰን።